ኮንቴይነሬ ቀይ ወጣበት፤ የኢንቮይሴንም ዋጋ አልተቀበሉትም

ጥያቄ፦ የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። የእህል ወፍጮ መለዋወጫ አስመጣለሁ። በዚህ ወር የገባው ኮንቴይነሬ ጉምሩክ ላይ ቀይ ወጣበትና ሙሉ ፍተሻ ተደረገ። በፓኪንግ ሊስቱ (በዕቃው ዝርዝር) ላይ ያልተጻፈ 4 ካርቶን ኩሽኔታ ተገኘ። አቅራቢዬን ብጠይቀው «ምርቃት ነው» አለኝ። በዚያ ላይ የኢንቮይሱ ዋጋ ዝቅ ብሏል ተብሎ በሌላ ዋጋ ተሰላብኝ። ትራንዚተሬ (የጉምሩክ ጉዳይ የሚጨርስልኝ ሰው) «ክፈልና ውጣ፤ ዕቃው በቆመ ቁጥር የምትከስረው አንተ ነህ» ይለኛል። ንግድ እናቀላጥፋለን እየተባለ ይህ እንዴት ይሆናል? ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጭንቀትዎ ይገባኛል። በቃሊቲ መንገድ ዳር የተደረደሩትን የጭነት መኪኖች ሳይ ሁሌም የማስበው ስለ ባለንብረቶቹ ነው። አንድ ቀን በቆመ ቁጥር የመጋዘን ኪራይና ዲመሬጅ (ኮንቴይነሩ ሲዘገይ የሚከፈል) ይቆጥራል። ቢሆንም የገጠመዎት ሁለት የተለያየ ጉዳይ ነው። እንደ አንድ አድርገው ከተከራከሩ ሁለቱንም ያጣሉ።

ቀይ መውጣቱ ክስ አይደለም። ጉምሩክ ሁሉን ኮንቴይነር ልፈትሽ ቢል አገር ይቆማል። ሁሉን ላሳልፍ ቢል ደግሞ በሐቅ የሚከፍለው ነጋዴ በኮንትሮባንድ ዕቃ ይዋጣል። ስለዚህ ሲስተሙ ስጋት እየመዘነ ይመድባል። አረንጓዴ ያለ ፍተሻ ይለቀቃል። ቢጫ ሰነዱ ይታያል። ቀይ ሰነዱም ዕቃውም ይታያል። ሚዛኑ ውስጥ የአስመጪው ታሪክ፣ የዕቃው ዓይነትና የመጣበት አገር ይገባሉ። «ለምን ቀይ ወጣብኝ» ብሎ መሟገት ጊዜ ማባከን ነው። ግን የዛሬው ውጤት የነገውን መስመርዎን ይወስናል። ለዚህ ነው ኩሽኔታው የሚያሳስበኝ።

ምርቃት በገበያችን መልካም ነገር ነው። ጉምሩክ ዘንድ ግን ያልተከፈለበት ዕቃም ዋጋ አለው፣ ቀረጥም አለበት። ዲክላራሲዮኑን (ዕቃው ለጉምሩክ የሚገለጽበትን ሰነድ) የሞላው ትራንዚተሩ ቢሆንም ዕቃው የእርስዎ ነው። ፍተሻው ሳይጀመር ቢያውቁና ቢያመለክቱ ኖሮ ማረም ይቻል ነበር። አሁን አልፏል። ስለዚህ አይሸሽጉ፣ አያሳንሱ። ዛሬውኑ አቅራቢው ካርቶኖቹን ያለ ክፍያ ጨምሮ እንደላከ የሚገልጽ፣ ቀንና ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይላክልዎ። ከእርስዎ ማመልከቻ ጋር አያይዘው ያስገቡ። ያንኑ ዓይነት ኩሽኔታ በኢንቮይሱ ላይ ገዝተው ከሆነ፣ ምርቃቱ በዚያው ዋጋ እንዲሰላ ይጠይቁ። ይህ ከቅጣት ያድንዎታል ብዬ ቃል አልገባም። ስህተትን ከማጭበርበር የሚለየው ግን ሐሳብ ነው፤ ሐሳብዎን የሚያሳየው ደግሞ ወረቀት ነው። ቃል ስጡ ከተባሉም ሳያነቡ አይፈርሙ።

ወደ ዋጋው ልምጣ። እዚህ ላይ መብትዎ ጠንካራ ነው።

የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006፣ በአዋጅ ቁጥር 1160/2011 እንደተሻሻለው፣ የቀረጥ ዋጋ ሲተምን የሚነሳው በትክክል ከተከፈለው ዋጋ ነው። ማጓጓዣና ኢንሹራንስ ይታከልበታል። የጉምሩክ መርማሪው ኢንቮይሱን መጠራጠር ይችላል። እውነቱን ልንገርዎ፣ ያልተጻፈ ካርቶን ካገኘ በኋላ መጠራጠሩ አይገርመኝም። ይሁን እንጂ ጥርጣሬ ዋጋ አይሆንም። በጉምሩክ የመረጃ ቋት ያለ የዋጋ ቁጥር ጥያቄ ለማንሳት ይጠቅማል እንጂ እንዲሁ ተነስቶ የእርስዎን ዋጋ መተካት የለበትም። መጀመሪያ ማስረጃ እንዲያቀርቡ ዕድል ሊሰጥዎ ይገባል። ማስረጃዎ ውድቅ ከሆነ በቅደም ተከተል ይኬዳል፦ ቀድሞ የተመሳሳይ ዕቃ ዋጋ፣ ቀጥሎ የተቀራራቢ ዕቃ ዋጋ፣ ከዚያ ሌሎቹ ዘዴዎች። ለተመሳሳይ ዕቃ ከአንድ በላይ ዋጋ ከተገኘ የሚወሰደው ዝቅተኛው ነው። ይህቺን ብዙ አስመጪ አያውቃትም።

ልዩነቱ ትንሽ መስሎ ከታየዎት ተጠንቀቁ። ቀረጡ በዋጋው ላይ ይሰላል። 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ደግሞ በዋጋውም በቀረጡም ላይ ነው። አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባል።

ስለዚህ የመጀመሪያ ሥራዎ ውሳኔውን በጽሑፍ መጠየቅ ነው። የትኛው ዘዴ ተሠራበት? ከየትኛው ዕቃ ጋር ተነጻጸረ? በመስኮት በኩል በቃል የተነገረ ዋጋ ይግባኝ አይባልበትም። የሽያጭ ውሉን፣ ባንክ ገንዘቡን ያስተላለፈበትን ሰነድ፣ ከአቅራቢው ጋር በዋጋ የተደራደሩበትን መልእክትና የቀድሞ ኢንቮይሶችዎን ያቅርቡ። ዋናው የባንኩ ሰነድ ነው። ከኢንቮይሱ ጋር በሳንቲም ካልተስማማ ከመርማሪው በፊት ለእኔ ይንገሩኝ።

ትራንዚተርዎ ስለ ኪሳራው ያለው ልክ ነው። መፍትሔው ግን ዝም ብሎ መክፈል አይደለም። ክርክሩ እስኪያልቅ ለልዩነቱ ዋስትና አስይዘው ዕቃው እንዲለቀቅልዎ በጽሑፍ ያመልክቱ። ማቀላጠፍ ማለት ለእኔ ይህ ነው፤ መንግሥት ገቢውን አያጣም፣ ወፍጮ ቤቶቹም መለዋወጫ አይጠብቁም። ካልተስማሙ መጀመሪያ ለጉምሩክ ኮሚሽኑ የአቤቱታ አጣሪ፣ ቀጥሎ ለግብር ይግባኝ ሰሚ ኮሚሽን ይሄዳሉ። ጊዜው አጭር ነው። ውሳኔው የደረሰዎትን ቀን በደብዳቤው ላይ ይጻፉበት።

«ክፈልና ውጣ» የተባለው በደረሰኝ ካልሆነ ደግሞ በፍጹም እንዳይነኩት። ከአስተዳደር ጉዳይ አውጥቶ የወንጀል መዝገብ ውስጥ ይከትዎታል።

ለወደፊቱ፣ ጭነቱን ከተጠራጠሩ ዲክላራሲዮን ከመሞላቱ በፊት ዕቃዬን ልይ ብለው ማመልከት ይችላሉ። በታሪፍ ቁጥሩ (የዕቃውን የቀረጥ መጠን በሚወስነው መለያ) ከተወዛገቡም ዕቃውን ከማዘዝዎ በፊት የቅድሚያ ውሳኔ ይጠይቁ።

ነገ ጠዋት ሲሄዱ መጀመሪያ የፍተሻ ሪፖርቱን ኮፒ ይጠይቁ። የተጻፈው 4 ካርቶን መሆኑን፣ በእያንዳንዱ ውስጥ ስንት ኩሽኔታ እንዳለም ቆጥረው ያረጋግጡ። ከዚያ ይደውሉልኝ።