ከዛች ጥቅስ በፊት ያለው ቁጥር

ልጆቼ እንደምን ሰነበታችሁ። ይሄን የምጽፈው ለአንድ ልጅ መልስ ስለዘገየሁበት ነው። የእህቴ ልጅ ጓደኛ ነው፣ ዩኒቨርስቲ ሦስተኛ ዓመት፣ በቴሌግራም «ጋሼ፣ መዝሙር 68፥31 ላይ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች የተባለችው ኢትዮጵያ የኛዋ ናት ወይስ ሱዳን ናት? አንዱ ልጅ ኮመንት ላይ ሱዳን ናት ብሎ አፌን አስያዘኝ፣ የምመልስለት ነገር ይንገሩኝ» ብሎ ጻፈልኝ። መልሱ ጠፍቶኝ አልነበረም ዝም ያልኩት። ስልኩን አስቀምጬ አራት ቀን ሙሉ ስዞር ከረምኩ።

እሺ መጀመሪያ ጥያቄውን ልመልስ። ዕብራይስጡ «ኩሽ» ነው የሚለው። ወደ ግሪክ ሲተረጎም ኢትዮጵያ ተባለ፣ የኛም መጽሐፍ ከዛ ስለመጣ ኢትዮጵያ አለ። የጥንቱ ኩሽ ዋና መሬቱ ደግሞ ዛሬ ሱዳን የምንለው ነው፣ ዋና ከተሞቹም ናፓታና መርዌ ነበሩ። ሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ጃንደረባው የሚያገለግላት ህንደኬም እኛ እንደ ሰው ስም ነው የያዝነው እንጂ የመርዌ ንግሥቶች ማዕረግ ነው። ስለዚህ ያ ልጅ ዝም ብሎ አላወራም። በሌላ በኩል ደሞ ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው ክፍለ ዘመን አክሱም ላይ በግሪክኛ ባስቀረጸው ጽሑፍ ኢትዮጵያ የሚለውን ስም ለራሱ ሰዎች ተጠቅሞበታል፣ ከዛ ወዲህም ይቺን ቃል ስንት ትውልድ «ኢትዮጵያ ታበጽሕ እደዊሃ ኀበ እግዚአብሔር» እያለ የራሱ አድርጎ ጸልዮባታል። ያን ያህል ዘመን የተጸለየበትን ነገር ያንተ አይደለም ማለት ይከብዳል። ደቡብ አፍሪካ፣ ፕሪቶሪያ ላይ እነ ማንጌና ሞኮኔ የሚባሉ ጥቁር ሰባኪዎች እ.ኤ.አ. በ1892 ከነጮቹ ቤተክርስቲያን ሲወጡ ያቋቋሙትን «የኢትዮጵያ ቤተክርስቲያን» ነው ያሉት፣ አገራችንን ረግጠዋት አያውቁም፣ ግን ይቺ ቃል የነሱም ነበረች። አሜሪካ በባርነት የነበሩትም ጥቁሮች ይዘዋት ተጽናንተዋል። ታዲያ የማን ናት? እኔ እንጃ፣ የኛ ናት ባይ ነኝ፣ ደሞ የኛ ብቻ ናት ያልኩበትን ቀን ሳስታውስ ያመኛል። አራት ቀን ያዞረኝም እሱ ነው።

በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲጀመር እኔ 36 ዓመቴ ነበር፣ አንድ ጋዜጣ ላይ አርታኢ ነበርኩ። ያን ክረምት ከተማው ሁሉ ጦፎ ነበር። ሬዲዮው ዘፈን ነው፣ ታክሲው ወሬ ነው፣ መዋጮ አለ። ሐምሌ ላይ አለቃዬ «አንተ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነህ፣ መንፈስ የሚያነሳሳ ነገር በመጽሐፍ ቅዱስ አስደግፈህ ጻፍ» አለኝና አንድ ሌሊት ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። አስገድዶኝ ነው ብል ውሸት ነው፣ ደስ እያለኝ ነው የጻፍኩት። መዝሙር 68፥31ን አናቱ ላይ አስቀመጥኩ፣ ከስር አሞጽ 9፥7ን ጨመርኩ፣ «እናንተ ለእኔ እንደ ኢትዮጵያ ልጆች አይደላችሁምን» የሚለውን፣ እና እግዚአብሔር ከዚህ አገር ጋር ልዩ ቃል ኪዳን እንዳለው፣ እጇን የነካ እንደሚቆረጥ፣ እንደዛ እንደዛ አድርጌ ሰደርኩት። አማርኛው ያምር ነበር። እስከዛሬ አረፍተ ነገሮቹን በቃሌ እወጣቸዋለሁ፣ እሱም ሌላ ቅጣት ነው።

ግቢያችን ውስጥ አንድ ልጅ ነበር። ግቢው የቀበሌ ነው፣ አምስት ቤት በአንድ ቧንቧ፣ የሱ እናት ቤት ከኛ ጋር ግድግዳ ይጋራል። 12ኛ ተፈትኖ ውጤት አልመጣለትም፣ 19 ዓመቱ ነው፣ ጋራዥ ሞክሮ ትቶ ቤት ተቀምጧል። ጋዜጣው በወጣ በማግስቱ በራፌ ላይ ቆሞ «ጋሼ ይቺን ቆርጬ ልውሰዳት?» አለኝ። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ስለነበረች የሷን ትልቁን መቀስ ሰጠሁት። ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ምላሱን በከንፈሩ ይዞ ቀስ እያለ ሲቆርጥ አያለሁ፣ መቀሱ ለወረቀት አይሆንም፣ ጫፉን አጣመመበትና ከጎን የነበረ የሐዘን ማስታወቂያ ግማሹ አብሮ መጣ። የሰው ፎቶ ነበረበት፣ ከትከሻው በላይ ብቻ የተቆረጠ። «ያስቀይመዋል» ብሎ እሱን በጥፍሩ ሊፍቅ ሞከረ። በመጨረሻ በላስቲክ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተታት።

ጥቅምት 1991 ሄደ። ሁለት ደብዳቤ መጣ፣ አንዱን ለእናቱ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። የካቲት ላይ ባድመ ተመለሰች ተብሎ ከተማው በሙሉ ሲጨፍር እናቱም ወጥታ እልል ብላለች፣ ነጠላዋን አሸርጣ፣ አይቻታለሁ። ከየካቲት በኋላ ሦስተኛ ደብዳቤ አልመጣም።

መርዶው የመጣው ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ነው። ሬሳ የለ ቀብር የለ፣ ድንኳን ተጣለ፣ ፎቶው ጠረጴዛ ላይ ቆመ፣ የጀበናው ጭስ ብቻ። የእናቱ ወንድም መሪጌታ ከጎጃም መጥቶ ዳዊት ይደግም ነበር። ዳዊት በቀን ተከፋፍሎ ነው የሚደገመው፣ 67ኛው (በተለመደው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ 68 የሚባለው) የረቡዕ ድርሻ ላይ ነው የሚወድቀው፣ እና እኔ ረቡዕ ማታ አግዳሚው ላይ ተቀምጫለሁ። ግዕዝ የልጅነት ነው፣ ግማሹን እሰማለሁ ግማሹ ያልፈኛል። የኔዋ ጥቅስ እየቀረበች እንደሆነ ገባኝና ጆሮዬን ጣልኩ። መሪጌታው ግን እንደኔ ከሷ አልጀመረም፣ ዳዊት እንደተጻፈ ነው የሚደግመው፣ እና ከሷ በፊት ያለችውን ቁጥር ሰማኋት። ውጊያ የሚወዱ ሕዝቦችን በትናቸው ትላለች። ከዛ ቀጥሎ ከግብጽ መልእክተኞች ይመጣሉ ትላለች። ከዛ ነው ኢትዮጵያ እጆቿን የምትዘረጋው።

ቤት ገብቼ አማርኛውን ከፈትኩ። «ሰልፍን የሚወድዱ» ይላል። እናንተ ልጆች ሰልፍ ስትባሉ የስኳር ሰልፍ ወይም ሰላማዊ ሰልፍ ይመጣባችኋል፣ በድሮው አማርኛ ሰልፍ ጦርነት ነው። ቁጥር 30 ላይ ነው ያለችው፣ ከጠቀስኳት ቃል አናት ላይ፣ አንድ ጣት የማይሞላ ርቀት። ስጽፍ መጽሐፉ ፊቴ ተከፍቶ ነበር እኮ፣ አይኔ አልፏታል። ቁጥር 32ን ስታነቡ ደሞ የምድር መንግሥታት በሙሉ ዘምሩ ይባላሉ። ኢትዮጵያ መሀል ላይ ነው ያለችው፣ ከግብጽ ቀጥላ፣ ከሌላው ሁሉ ጋር፣ ባዶ እጇን ዘርግታ። እኔ ያንን እጅ ጠመንጃ አስይዤው ነበር።

አሞጹም እንደዛው ነው። ግማሹን ነው የጻፍኩት። ሙሉው እስራኤልን ከግብጽ እንዳወጣሁ ፍልስጥኤማውያንን ከከፍቶር ሶርያውያንንም ከቂር አላወጣሁምን ብሎ ነው የሚጠይቀው። ፍልስጥኤማውያን የእስራኤል ጠላቶች ናቸው፣ ለነሱም የራሳቸው ዘጸአት ነበራቸው እያለ ነው። ነቢዩ ይሄን የተናገረው እኛ ምርጥ ነን ብሎ የተዝናናውን ሕዝብ ሊያስደነግጠው ነው፣ እኔ ግን ሕዝቤን ላዝናናበት ተጠቀምኩበት። ከወዲያኛው ምሽግ ያሉት ልጆችስ ምን ይዘው ነበር ብዬ ያሰብኩት ያን ሌሊት ነው። እነሱም ዳዊት ነው የሚደግሙት፣ በዛው ግዕዝ፣ እናቶቻቸውም የማርያምን ዝክር ነው የሚያወጡት።

ሐዘን በወጣ በሳምንቱ እናቱ ቡና ጠራችኝና እጄን ይዛ «ያንተን ጽሑፍ ይዞ እኮ ነው የሄደው፣ እግዜር ይስጥህ፣ ብቻውን አልሄደም» አለችኝ። ምን እላለሁ? አሜን አልኩ።

ሠላሳ ዓመት ጋዜጣ ላይ ስሠራ ስንት እርማት አውጥቻለሁ፣ የሰው ስም ተሳስቶ፣ ቀን ተሳስቶ፣ ፎቶ ተለዋውጦ። ለዛች ጽሑፍ አላወጣሁም።

አሁን ምክር ስጡን ትላላችሁ። ጸልዩ፣ አንብቡ፣ ይሄን እናንተም ታውቁታላችሁ። እኔ የማየው ግን ስልካችሁ ላይ ጥቅሱ ለብቻው ተቆርጦ ነው የሚመጣው፣ ከኋላ ባንዲራ ወይም ታንክ አርጎ፣ ከላይም ከታችም ምንም የለም፣ እናንተም ሳታነቡ ሼር ታደርጋላችሁ። የኛ ልጅ ቢያንስ በመቀስ ነበር የቆረጠው። በግድቡ ሰሞን ይቺኑ ቃል ግብጽ ላይ ሲወረውሯት ስንቴ አየሁ፣ ግብጽ እዛው ቁጥር ውስጥ ናት እኮ፣ እሷም እየመጣች ነው። የዛሬ ልጅ ንባብ አይወድም እላለሁ ሁሌ፣ ባለቤቴ ትቆጣኛለች። ደሞ እውነት ለመናገር እኔ በ36 ዓመቴ ያልጠየቅኩትን ይሄ ልጅ በ21 ዓመቱ ጠይቋል፣ ኩሽ የት ነው ብሎ መጠየቅ በኛ ጊዜ አይታሰብም ነበር። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የንጉሡን ዘር ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ቆጥሮ አንቀጽ ላይ አስፍሮት ስለነበር አባቶቻችን የኖሩት መጽሐፍ ቅዱሱና መንግሥቱ አንድ ላይ ተሰፍተው ነው። የ1987ቱ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው አለ፣ ወረቀቱ ላይ። እኔ ያን የጻፍኩት ግን አንቀጽ 11 በወጣ በሦስተኛው ዓመት ነው። ስፌቱ ከወረቀት ላይ ቢፈታም ከኔ ውስጥ አልተፈታም ነበር።

አገራችሁን አትውደዱ እያልኩ አይደለም፣ እኔ አሁንም ባንዲራ ሲሰቀል አለቅሳለሁ። መጽሐፉ ራሱ አገር ይወዳል፣ ኤርምያስ ስለ ኢየሩሳሌም እንዳለቀሰ ማን አለቀሰ፣ ግን ያው ኤርምያስ ከተማዋ በባቢሎን እጅ ትወድቃለች ስላለ ጉድጓድ ውስጥ ተጣለ። በገመድ ጎትቶ ያወጣው ማን ነው? አቤሜሌክ ኢትዮጵያዊው። ብብቱን ገመዱ እንዳይልጠው አሮጌ ጨርቅ ሰብስቦ ያወረደለት እሱ ነው። ያን ሌሊት ሐምሌ ላይ ስለ ኢትዮጵያ ከመጽሐፉ የምጠቅሰው ነገር ስፈልግ እሱ ነበረ፣ ኤርምያስ 38። ገጹን ገልጬ አላየሁትም።

ስለዚህ ልጄ፣ ለዛ ኮመንት ሰጪ የምትመልሰው ይሄ ነው፦ ልክ ነህ በለው፣ ከዛ ቁጥር 30ን አብራችሁ አንብቡ። ኤርትራዊ ከሆነ ወይም ሱዳናዊ ከሆነ ደሞ በተለይ።

የልጁ እናት አሁን 78 ዓመቷ ነው፣ ግቢው ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ደርሷታል፣ አራተኛ ፎቅ፣ ጉልበቷ ስለማይወጣ ወርዳ አታውቅም። በየበዓሉ እሄዳለሁ። ፎቶው ቲቪው ላይ ነው ያለው፣ ሁሌ ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ «ያንተን ጽሑፍ ይዞ...» ትለኛለች፣ እኔም አሜን እላለሁ። ጥያቄህ ከመጣ ወዲህ አልሄድኩም። እሁድ እሄዳለሁ፣ ዳዊቱንም ይዤ ነው የምሄደው፣ እሷ አይኗ ስለደከመ እኔ ነኝ የማነብላት፣ ከቁጥር 30 ጀምሬ።