ሰው ጠፋ ከማለታችሁ በፊት የማጣሪያ መዝገቡን ክፈቱ

ሰላም ለጠያቂያችን። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ ደብረ ብርሃን ላይ በሚካሄድ የደም ግፊት መድኃኒት ሙከራ የተመዘገበው ሰው አብዛኛው የከተማ ወንድ ሆነ፤ ሴቶችን፣ አዛውንቶችንና የሸዋ ሮቢትን ቆላ ሰው እንዴት እናግኝ?

ቅስቀሳ አትጨምሩ። መጀመሪያ ስንቱን እንዳነጋገራችሁ፣ ስንቱ እንደተስማማ፣ ስንቱ ማጣሪያውን እንዳለፈና ስንቱ እስከ መጨረሻ እንደቆየ በጾታ፣ በዕድሜና በወረዳ ለይታችሁ ቁጠሩ። ብዙ ጊዜ ገጠሬው እምቢ አላለም፤ መስፈርቱ ወይም ቀጠሮው ነው የጣለው። መዝገቡ ላይ «ፈቃደኛ አይደለም» የሚል አንድ ሳጥን ብቻ ካለ ከፋፍሉት፤ የመኪና ዋጋ ያጣውም፣ አጨዳ የደረሰበትም፣ ደም መስጠት የፈራውም እዚያው ታጭቀዋል።

መስፈርቱን አንድ በአንድ «ይህ ለምን ገባ?» በሉ። የ65 ዓመት ጣሪያ የደም ግፊት የሚበዛበትን ዕድሜ ቆርጦ ይጥላል። የኒውትሮፊል (ጀርም የሚዋጋ የነጭ ደም ሕዋስ) ቁጥር ከ1,500 በታች የሆነ አይገባም የሚለው ብዙ ጊዜ ከውጭ ፕሮቶኮል (የጥናት መመሪያ ሰነድ) የተገለበጠ ነው፤ ብዙ ጤነኛ አፍሪካዊ በተፈጥሮው ቁጥሩ ዝቅ ያለ ነው። ሴቶችን በተመለከተ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ሊያረግዙ የሚችሉ ሴቶችን ከመጀመሪያ ደረጃ ሙከራዎች የሚያስቀረውን የ1977 መመሪያውን በ1993 (እ.ኤ.አ.) ሽሮታል፤ እኛ ጋ ግን ልማዱ አልሞተም። አንዳንድ የግፊት መድኃኒቶች ጽንስ ስለሚጎዱ የእርግዝና ምርመራውና የወሊድ መከላከያው ይቆዩ። ውጤቱ ግን ለእሷ ብቻ ይነገር፤ ባል ወይም አማት ባሉበት ከተነገረ የሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ አትመጣም። የመስፈርት ለውጥ የሥነ ምግባር ኮሚቴውና የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑ ሳያጸድቁት ሥራ ላይ አይውልም።

ጥናቱን የሚያስጠናው ስፖንሰር «የተለያየ ሰው ማስገባት ምን ለውጥ ያመጣል?» ካለ ሜቶፕሮሎል የተባለውን የግፊት መድኃኒት ጥቀሱ። መድኃኒቱን የሚሰብረው ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባለው ኢንዛይም ነው፤ በ1996 (እ.ኤ.አ.) በወጣ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህ ዘረመል ትርፍ ቅጂ ተገኝቶባቸዋል። መድኃኒቱ ቶሎ ሲሰበር ኃይሉ ይቀንሳል። የሚያሸናውም ክኒን ቢሆን ደጋ ላይ ያለውንና ሮቢት ሙቀት ላይ የሚያልበውን ሰው እኩል አያደርቅም።

ስምምነት ሲወሰድ አዲሱ መድኃኒት ለማን፣ የተለመደው ለማን እንደሚደርስ ለማስረዳት «ዕጣ» የሚለው ቃል ይገባል። «እንደ ዕቁብ» ግን አትበሉ። ዕቁብ ላይ ዛሬ ያልወጣለት ነገ ይወጣለታል፤ የተለመደው መድኃኒት የደረሰው ሰው ተራዬን ብሎ ይጠብቃል፣ ሲቀርበት «አታለሉኝ» ብሎ ጎረቤቱን ይዞ ይወጣል። ሳንቲም እንደ መወርወር ነው፣ ሁለተኛ ዙር የለውም በሉ። 5 ሚሊ ሊትር ደምን «አንድ የሻይ ማንኪያ» በሉና ቱቦውን አሳዩ። ማንበብ ለማይችል ሰው ከጥናቱ ቡድን ውጭ የሆነ፣ ማንበብ የሚችል ምስክር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ይፈርም። የቀበሌ ሊቀመንበር ምስክር አይሁን፤ እሱ ፊት «አልፈልግም» ማለት ይከብዳል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ቤቱን ታሳይ እንጂ ስምምነት አትቀበል፤ ነገ ልጇን የምታስከትብላትን ሴት ማን ያስቀይማል? አፋን ኦሮሞ ለሚናገረው ደግሞ ቅጹ ራሱ በቋንቋው ይተርጎም፤ በአስተርጓሚ ብቻ አይሆንም።

አሁን መንገዱ። ለሁሉም እኩል የትራንስፖርት ክፍያ ማለት ለከተማው ትርፍ፣ ጣርማ በርን ወጥቶ ለሚመጣው ኪሳራ ነው። በርቀት ተምኑት፣ የአጃቢን ጨምሩ፣ በዚያው ቀን በእጁ ስጡት። ከዚያ የሚሻለው የግፊት ልኬቱንና የክኒን ቆጠራውን ሸዋ ሮቢት ጤና ጣቢያ በገበያ ቀን ማድረግ ነው። ደሙን አሽከርክሮ የሚለየው ማሽን (ሴንትሪፉጅ) ግን እዚያው ይኑር፤ ደሙ ሳይለይ በበረዶ ሳጥን ደብረ ብርሃን ከደረሰ ፖታሲየሙ (በደም ውስጥ ያለ ማዕድን) ያለ አግባብ ከፍ ብሎ ይነበባል፣ ያ ቆለኛም በሐሰት ከጥናቱ ይወጣል።

ፕሮቶኮሉ «ጠዋት ይዋጥ» የሚል ከሆነ በዐቢይ ጾምና በረመዳን ክኒኑ ይዘለላል። መድኃኒቱ የሚፈቅድ ከሆነ «በቀን አንድ ጊዜ፣ በተመሳሳይ ሰዓት» ተብሎ ይሻሻል፤ የሚያሸናው ግን ማታ ከተዋጠ እንቅልፍ ይነሳል። የቀጠሮ መስኮቱ ከ3 ቀን ወደ 7 ቀን ይስፋ፤ ጻድቃኔ ማርያም ጸበል የገባ ሰው ሱባዔውን አቋርጦ አይመጣላችሁም። ሲወጣ የሚደወልበት የቤተሰብ ስልክ ቀድማችሁ ያዙ፤ ጸበል እያለ ክኒኑን አቁሞ እንደሆነም ሳትቆጡ ጠይቁት፣ ከተቆጣችሁ «ውጫለሁ» ይላችኋል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎም የከተማው ወንድ ቀድሞ ይደርሳል። ስለዚህ ለየቡድኑ ቦታ መድቡ፤ የከተማ ወንዶች ኮታ ሲሞላ ምዝገባው ለእነሱ ይዘጋ፣ ለሌላው ክፍት ይቆይ። ምዝገባው ይረዝማል፤ ያንን ጊዜ በጀቱ ላይ ከአሁኑ አስገቡት።