«ገመድ ጎታች» ብለው ላስፈራሩሽ እህቴ

ደብዳቤሽን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ደብረ ብርሃን አይቲ ጨርሰሽ አንድ ላብራቶሪ ውስጥ ቴክኒሻን ሆነሻል፣ ስድስት ያገለገሉ ሰርቨሮች ከነ56 ጊጋ ኢንፊኒባንድ (ሰርቨሮችን በከፍተኛ ፍጥነት የሚያገናኝ የኔትወርክ ዓይነት) ካርዳቸው መጡና አለቃሽ «ስዊቹን (ሁሉንም የሚያገናኘውን ሳጥን) አንቺ ምረጪ፣ የምታስተዳድሪውም አንቺ ነሽ» አለሽ፣ አባትሽ ደግሞ ከመንዝ እየደወሉ «ይሄን ሁሉ ዓመት ተምረሽ ገመድ ልትጎትቺ? ባንክ ግቢ እንጂ» ይሉሻል። ተሳስቼ ብመርጥስ ብለሽ እንቅልፍ አጥተሻል።

እኔ እኮ ሶስት ዓመት ገመድ ጎትቻለሁ፣ ሊኑክስንም የለመድኩት እዛው ሰርቨር ክፍል ውስጥ ማታ ማታ ነው።

ወደ ስዊቹ። ርካሹ ማኔጅመንት የለውም፣ ማለትም ኔትወርኩን የሚያስተዳድር ሶፍትዌር በውስጡ የለም ብለሽ ፈርተሽዋል። ኢንፊኒባንድ እንደ ኢተርኔት ሰክተሽው ዝም ብሎ አይሰራም፣ ለፖርቶቹ (ለገመድ መሰኪያዎቹ) አድራሻ የሚሰጥ መንገድም የሚያወጣ ሰብኔት ማናጀር የሚባል ሶፍትዌር ይፈልጋል፣ እሱን ግን ኦፕንኤስኤም የሚባለውን ጭነሽ አንዱ ሰርቨር ላይ ማስነሳት ነው፣ ሌላው ላይ ደግሞ ተጠባባቂ ታደርጊያለሽ፣ ነፃ ነው በቃ። ለስድስት ሰርቨር ርካሹ ይበቃሻል። 200 ጊጋ ስዊች ብትገዢም ፍጥነቱ ወደ ካርዱ ይወርዳል፣ ዶላር ደግሞ ከሐምሌ 2016 ወዲህ የት እንደወጣ አልነግርሽም። ያገለገለ ባለ 36 ፖርት፣ 56 ጊጋ፣ ሰርቨሮቹ አንድ ራክ (የሰርቨር መደርደሪያ) ላይ ከሆኑ አጫጭር የመዳብ ገመድ። ደሞ ምንም ሳይገዛ በፊት ሁለት ሰርቨር ካርድ ለካርድ በአንድ ገመድ አገናኚ፣ አንዱ ላይ ኦፕንኤስኤም ካስነሳሽ ያለ ስዊች ይሰራል፣ ካርዶቹ ደህና መሆናቸውንም እዛው ታዪያለሽ።

እኔን የበላኝን ልንገርሽ። የሆነ መስሪያ ቤት ኦፕንኤስኤምን በእጄ አስነስቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ፣ ማታ መብራት ሄዶ መጣ፣ ጠዋት ስገባ የፖርቱ መብራት በርቷል ግን አንዱም ሰርቨር ከሌላው አይገናኝም፣ ግማሽ ቀን ሙሉ ገመድ ስቀያይር ዋልኩ። የፖርቱን ሁኔታ በሚያሳየው አይቢስታት በሚባል ትዕዛዝ ባይ «ኢኒሻላይዚንግ» ይላል፣ ሰብኔት ማናጀር እየጠበቀ ነው ማለት ነው፣ ለካ ሰርቨሩ ሲነሳ ሶፍትዌሩ ራሱ እንዲነሳ አላደረግኩትም። ደብረ ብርሃን መብራት እንዴት እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ፣ መጀመሪያ ይሄን አስተካክዪ።

ለመለማመጃ ዕቃ ልትገዢበት ያሰብሽውን የአጎትሽን ብድር ተይው። አይቢሲም ላፕቶፕሽ ላይ ጫኚ፣ የውሸት ኔትወርክ ሰርቶ ኦፕንኤስኤምን ያስለማምድሻል።

አባትሽን አከብራለሁ፣ ግን አንድ የባንክ ማስታወቂያ ሲወጣ ሰልፉን አይተውታል? አንቺ እጅሽ ላይ ያለውን ስራ ጥለሽ እዛ ሰልፍ ላይ ቁሚ ማለት ምክር አይደለም፣ ለጎረቤት የሚነገር ወግ ነው። እውነት ነው ኢንፊኒባንድ ያለበት ቦታ እኛ አገር ጥቂት ነው፣ እንጀራ የሚሆንሽ ግን ሊኑክሱና ኔትወርኩ ነው፣ እሱ ደግሞ የትም ይፈለጋል፣ ባንኩም ጭምር።

ብቻ እሺ ከማለትሽ በፊት አለቃሽን የስራ መደቡን በጽሁፍ ጠይቂው። ቴክኒሻን ሳይሆን ሲስተም አድሚኒስትሬተር ይባል፣ ደሞዙ ባይጨመር እንኳን ነገ የስራ ልምድ ደብዳቤሽ ላይ የሚወጣው እሱ ነው።