የውሃ ተርብ ወይስ የውሃ እናት?

ጥያቄ፦ በሬሳ ወንዝ ላይ የውሃ ነፍሳትን እየሰበሰብን እንመዘግባለን። ቅጹ «የአካባቢ ስም» የሚል ቦታ አለው። ያቺን ውሃ ላይ የምታንዣብበውን ባለ አራት ክንፍ በራሪ አንዱ «የውሃ ተርብ» ይለኛል፣ ሌላው «የውሃ እናት»። የቱን ልጻፍ? ውሃ ውስጥ ያለውን ልጇንስ «እጭ» ብል ስህተት ነው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ሁለቱንም ጻፍ። ግን አንድ ናቸው ብለህ አትለፍ።

«የውሃ እናት» በብዙ ሰው አፍ ሌላ ፍጡር ናት፤ ውሃው ላይ ክብ እየሠራች የምትሽከረከረው ጥቁር፣ አብረቅራቂ ጥንዚዛ። ልጃገረዶች ጡታችን ቶሎ ያጎጥጉጥ ብለው የሚያስነክሷት እሷ ናት። እህቶችህን ጠይቃቸው፣ እየሳቁ ይነግሩሃል። ስለዚህ «ስሟ ማነው?» ብለህ ብቻ አትመለስ፤ ትበራለች ወይስ ትዋኛለች፣ ትነክሳለች ወይ ብለህ አጣራ፣ ከተቻለም ይዘህ አሳይ። የስልክ ፎቶ አይበቃም፣ መጠኗ ይጠፋል።

ለጽሑፍ እኔ «የውሃ ተርብ»ን እመርጣለሁ። «አትናደፍም እኮ፣ ምኗ ነው ተርብ?» የሚል ተከራካሪ ይመጣብሃል። እውነቱን ነው፣ መንደፊያ የላትም። የሌሊት ወፍም ግን ወፍ አይደለችም፤ በዚህ ስም የተሳሳተ ሰው አላየሁም።

አንድ ችግር አለ። ስታርፍ ክንፏን ዘርግታ የምትቀመጠው ደንዳናዋና ክንፏን ገጥማ የምታርፈው ቀጭኗ በሳይንሱ ሁለት የተለያዩ ወገኖች ናቸው፤ ኢሽኑራ አቢሲኒካ የምትባለው፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማትገኘው፣ ከቀጭኖቹ ወገን ናት። ሰው ለየብቻ ስም ካልሰጠህ አዲስ ስም አትፍጠር። «ክንፏን ገጥማ የምታርፍ ቀጭን የውሃ ተርብ» በል፣ ቢረዝምም ይረዝማል እንጂ አያሳስትም።

ወደ ልጇ ስንመጣ፣ «እጭ» ስትል አንባቢ ትል መሳይ ነገር ይጠብቃል፣ ከዚያ ሙሽሬ (እጩ ተሸፍኖ ወደ ክንፋም የሚለወጥበት ደረጃ)፣ ከዚያ ክንፍ። የውሃ ተርብ ግን ሙሽሬ የምትሆንበት ደረጃ የላትም። ልጇ ከጅምሩ ስድስት እግር አላት፣ እያደገች ስትሄድ ጀርባዋ ላይ የክንፍ ቡቃያ ይታያል። ቆዳዋን ደጋግማ እየጣለች ታድግና አንድ ቀን ፊላ ላይ ትወጣለች፤ ጀርባዋ ይሰነጠቅና ክንፋሟ ከውስጥ ትወጣለች፣ ባዶው ቆዳ ግንዱን እንደጨበጠ ይቀራል። እሱንም ልቀም፤ እዚያው ውሃ ውስጥ ማደጓን ያስረዳልሃል፣ የምትበረዋ ግን ከየትም መጥታ ሊሆን ይችላል።

ይህ እድገት የአንበጣ መንገድ ነው፣ አማርኛም ለአንበጣ ልጅ «ኩብኩባ» የሚል ሸጋ ቃል አለው። ታዲያ ለምን አንዋሰውም? አልመክርም። ኩብኩባ ይዘላል፤ የደንዳናዋ የውሃ ተርብ ልጅ ግን ውሃ ከኋላዋ እየተፋች ነው የምትስፈነጠረው። ደግሞ ሸዋ ሮቢት ወርደህ «ኩብኩባ እየሰበሰብኩ ነው» ብትል ገበሬው ማሽላዬ አለቀ ብሎ ይደነግጣል። «እጭ»ን ያዝ፣ የሙሽሬውን ቦታ ባዶ ተው።

ቅጹ ላይ ስሙን ከየት እንደሰማህም አስፍር። በሬሳ በጀማ ወንዝ በኩል ዓባይ ይገባል፣ የሸዋ ሮቢቱ ሮቢ ወንዝ ደግሞ ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ የደጋው ስም ቆላ ላይ ላይሠራ ይችላል። ቆላው ላይ ኦሮምኛና አርጎብኛ ተናጋሪም ስላለ የነገረህን ሰው የአፍ መፍቻ ቋንቋ ከስሙ ጎን ጻፍ፣ ቃሉንም እሱ እንዳለው እንጂ ወደ አማርኛ አቃንተህ አይሁን።