አፕሉን ተዪው፣ ቁርቁራ ትከዪ

በዚህ ወር ከደረሱን የጓሮ ጥያቄዎች ሦስቱ አንድ ዛፍ ላይ ተገናኝተዋል። ሁለቱ በስሙ ጠርተውታል። አንዷ የጠየቀችው ስለ ሌላ ዛፍ ነበር፤ መልሱ ነው ወደዚሁ ያመጣን።

ጥያቄ፣ ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ፦ ውጭ አገር ያለችው እህቴ ደጇ ላይ ያለ ዛፍ ፎቶ ላከችልኝ። ክራብ አፕል ይባላል አለችኝ። ብርዱ ሲወጣ ነጭና ሮዝ አበባ ይለብሳል፣ ከዚያ ትናንሽ ቀያይ አፕሎች ያፈራል፣ ወፍ አይለየውም። የአገሩ የራሱ ዛፍ ስለሆነ ብዙ እንክብካቤ አይፈልግም ትላለች። እኔም ከቤቴ ፊት ለፊት ባዶ ቦታ አለኝ። ዘሩን ይዛልኝ ብትመጣ ድሬ ላይ ይሆናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ቁርጡን ልንገርሽ፣ አይሆንም። ሊበቅል ይችላል፣ ቅጠልም ያወጣ ይሆናል። ያንን አበባ ግን አታይውም።

ክራብ አፕል ማለት የአፕል የዱር ዘመድ ነው። ፍሬው ከ5 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፣ ይኮመጥጣል፣ ሰዎቹ ማርማላታ ይሠሩበታል። እንደ ሁሉም አፕል፣ በብርዱ ወራት ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። እንቡጡ የሚነቃው በቂ ብርድ ሲያገኝ ነው፤ ከ7 ዲግሪ በታች የሆነ ብርድ፣ ለብዙዎቹ ዓይነቶች በድምሩ ከ800 እስከ 1,000 ሰዓት። ትንሽ ብርድ ይበቃቸዋል የሚባሉት አፕሎች እንኳ 200 እና 300 ሰዓት ይፈልጋሉ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በታኅሣሥና በጥር፣ ቀዘቀዘ ብለን ነጠላ በምንደርብበት ሌሊት፣ ያለው ወደ 15 ዲግሪ ገደማ ነው። ዛፉ የሚጠብቀው ብርድ አይመጣም ማለት ነው። ገበያ ላይ የምናየው የአገር ውስጥ አፕል ከጨንቻ የሚመጣውም ለዚሁ ነው፤ እዚያ ከፍታው ወደ 2,700 ሜትር ይደርሳል። ደግሞም ዘር በሻንጣ ይዞ መግባት ቀላል ነገር አይደለም፣ የዕፅዋት ኳራንቲን ሕግ አለ። እህትሽን አታስቸግሪያት።

እህትሽ ከተናገረችው ሁሉ እኔ የወደድኩት አንዷን ቃል ነው። "የአገሩ የራሱ ዛፍ" ብላሻለች። እሷ ደጃፍ ላይ ያለው ዛፍ ያለ ብዙ ድካም የሚያምረው ለዚያ ነው። እኛስ? ያ በቀይ አበባ የሚነደው፣ በመላ አገሪቱ "የድሬዳዋ ዛፍ" እየተባለ የሚጠራው ዛፍ መነሻው ማዳጋስካር ነው። ኒሙም ከሕንድ በኩል የመጣ ነው። ጥላቸውን እወደዋለሁ፣ የከዚራን ሰፈር ያለ ዛፎቹ ላስበው አልችልም። ግን በስማችን ያልተጠራው፣ እዚሁ የኖረው፣ ለአጥርና ለማገዶ እየተቆረጠ ያለው ዛፍ ቁርቁራ ነው። አንዳንድ ቦታ ገባ ይሉታል፤ በኦሮምኛም ቁርቁራ ነው፣ ሱማሌዎች ጎብ ይሉታል፣ በዓረብኛ ሲድር ነው። ባዶ ቦታሽ ላይ እሱን ትከዪ።

የአፕል ዘመድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን የወደቀ ፍሬ አንሺና ቅመሺው። አረንጓዴው ጥሬ ነው፣ ቢጫ ሆኖ ወደ ቡኒ የዞረውን ፈልጊ። ልጣጩ ስስ ነው፣ በጥርስ ስትነኪው ጠሽ ይላል። ውስጡ ደረቅ ያለ ዱቄት ዱቄት የሚል ሥጋ ነው፣ መጀመሪያ ይጣፍጣል፣ ከኋላው ኮምጠጥ ይላል። ከዚያ ዘሩን የያዘው ጠንካራ ፍሬ አፍሽ ውስጥ ይቀራል፣ ድንጋይ ነው፣ እያገላበጥሽ ትመጠምጪዋለሽ። እኛ ልጆች ሆነን አፕልን በሥዕል ብቻ እያወቅን ይህንን በስኒ እየተሰፈረልን ኪሳችንን ሞልተን ነው ትምህርት ቤት የምንገባው። አበባው ትንሽዬ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ቢጫ ነው፣ ከሩቅ አይታይም። መጀመሪያ የሚደርስሽ የንቦቹ ድምፅ ነው። ከባሕር ማዶ ያሉት የመናውያን በጣም ውድ የሚሉት ማር ከዚሁ ዛፍ አበባ የሚሠራው ነው።

አሁን ወደ ሥራው። የጣፈጠሽን ዛፍ ፍሬ ብዪና ድንጋዩን አጥበሽ ጥላ ላይ አድርቂው። ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ እንዲሁ ብትቀብሪው ለወራት ሊተኛ ይችላል። ስለዚህ በትንሽ ድንጋይ ቀስ ብለሽ መታ አድርጊው፣ ስንጥቅ እስኪል ብቻ፣ ካደቀቅሽው ውስጡ ያለው ዘር አለቀ። ከዚያ አንድ ሙሉ ቀን ውኃ ውስጥ አሳድሪው። አንዱ ሊበሰብስ ስለሚችል አምስት ስድስት አዘጋጂ። ረጅም የችግኝ ፕላስቲክ ውስጥ ዝሪው፣ ረጅም ያልኩት በምክንያት ነው፤ ይህ ዛፍ ከላይ ጣት ሳያህል ከታች ክንድ የሚያክል ሥር ይሰዳል። አጭር ፕላስቲክ ውስጥ ከቆየ ሥሩ ይጠመዘዛል፣ የተጠመዘዘ ሥር ደግሞ ኋላ ድርቅ አይችልም። ሐምሌ ላይ ዝናቡ መሬቱን ሲያርሰው ወደ ቦታው አዙሪው።

ጉድጓዱ 60 በ60 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የድሬ አፈር አሸዋ ይበዛዋል፣ ውኃ አይዝም፣ ስለዚህ ያወጣሽውን አፈር ከበሰበሰ ፍግ ጋር ቀላቅለሽ መልሺው። ዙሪያውን እንደ ሳህን ጎድጎድ አድርጊና በደረቅ ሣር ወይም በቅጠል ጎዝጉዢው። ዝናቡ ሲያቆም፣ የመጀመሪያውን ዓመት በሳምንት አንድ ጀሪካን፣ 20 ሊትሩን፣ ቀስ ብለሽ አጠጪው። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መርጨት አይጠቅመውም፣ ሥሩን ላይ ላዩን ያስቀረዋል። ውኃ በፈረቃ እንደሚመጣ አውቃለሁ፣ የመጨረሻው የልብስ ማለቅለቂያ ይበቃዋል፣ ሳሙና የበዛበትን ግን አትስጪው። ከሁለት ዓመት በኋላ ራሱን ይችላል። ከዘር የበቀለ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ማፍራት ይጀምራል።

አንድ ነገር አደራ። ፍየል። የመጀመሪያ ችግኜን ሐምሌ ላይ ተክዬ በሳምንቱ ጠዋት ስወጣ የቀረልኝ ግንጥል እንጨት ብቻ ነበር። ሥሩ ስላልተነካ እንደገና አቆጠቆጠ፣ ደስ አለኝ፣ በሩን ክፍት የተውኩ ቀን ደግሞ ያንንም በሉት። በጣም አዘንኩ። ሦስተኛ ዙር ሲያቆጠቁጥ አሮጌ የአልጋ ሽቦ ዙሪያውን አቆምኩለት፣ አሁን ከቤቱ ጣሪያ በልጧል። እሾህ ያለው ዛፍ ነው ብለሽ እንዳትዘናጊ፣ ችግኝ ሲሆን እሾሁ ለስላሳ ነው።

ጥያቄ፣ ከሐረር ጁገል፣ ሸዋ በር አካባቢ፦ ዕድሜዬ ገፍቷል። እናቴ በሕይወት ሳለች ፀጉሯን የምትታጠበው በቁርቁራ ቅጠል ነበር። አሁን ቅጠሉን ከገበያ ነው የምናመጣው። በግቢዬ አንድ ልተክል ፈልጌ ልጆቼ እሾህ ነው፣ ግንቡንም ያፈርሳል ብለው ተቃወሙኝ። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ አባቴ፣ ለእናትዎ ብለው ሊተክሉት ማሰብዎ ልቤን ነክቶታል። ቅጠሉ ሲወቀጥና ከውኃ ጋር ሲመታ አረፋ ያወጣል፣ እናቶቻችን ከሻምፑ በፊት የሚያውቁት እሱን ነው። በሙስሊሞች ዘንድ የሞተ ሰው ሲታጠብም ሲድር ውኃው ውስጥ ይገባል፣ ይህንን ከእኔ በላይ እርስዎ ያውቁታል። ስለዚህ ዛፉ ሰፈር ውስጥ ቢኖር ለጎረቤትም ነው የሚተርፈው።

ሐረር ከፍ ብትልም ቁርቁራ ይችላታል። ነገር ግን ልጆችዎ አንድ እውነት ይዘዋል። የጁገል ግቢ ጠባብ ነው፣ ግንቡም በድንጋይና በጭቃ የተሠራ የቆየ ግንብ ነው። ዛፉ ሲያድግ 5 ሜትርም 10 ሜትርም ይደርሳል፣ ግንዱ ይወፍራል። ከማንኛውም ግንብ ቢያንስ 4 ሜትር የሚርቅ ቦታ ከሌለዎት ግቢው ውስጥ አይትከሉት፣ በዚህ ላይ ከልጆችዎ ጋር ነኝ። ከጁገል ግንብ ውጭ መሬት ያለው ዘመድ ካለ እዚያ ይትከሉትና ቅጠሉን እየሄዱ ይልቀሙ። ለግቢው ሮማን ይበቃል።

ቦታው ካለዎት ግን እሾሁ መፍትሔ አለው። እሾሁ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ነው የሚወጣው፣ አንዱ ቀጥ ያለ ነው፣ ሌላው ወደ ኋላ የታጠፈ ነው፣ ልብስ ይዞ አልለቅም የሚለው ይኼኛው ነው። አንድ ግንድ ብቻ አስቀርተው የታችኛውን ቅርንጫፍ በየዓመቱ እያነሡ ከሰው ቁመት በላይ ያድርጉት። መቁረጫው ጊዜ በበጋው መጨረሻ፣ ፍሬው ካለቀ በኋላና ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ነው፤ ፍሬ የሚይዘው አዲስ በሚወጣው ቅርንጫፍ ላይ ስለሆነ መቁረጡ አይጎዳውም፣ እንዲያውም ይጠቅመዋል። የቆረጡትን ያን ቀን ይሰብስቡት። መሬት ላይ የደረቀ የቁርቁራ እሾህ ነጠላ ጫማ ይበሳል፣ ልጆችዎን ያሰጋቸውም ይኸው መሰለኝ። ለቅጠሉ ደግሞ አዲሱን ለጋ ቅጠል ጠዋት ለቅመው በጥላ ያድርቁት፣ ፀሐይ ላይ አያስጡት።

ጥያቄ፣ ከገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ፦ የእኛ ቁርቁራ ብዙ ያፈራል፣ ግን ስንከፍተው ግማሹ ትል አለበት። መድኃኒት እንርጨው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አትርጭ። አበባውና ፍሬው አንድ ላይ የሚገኝበት ጊዜ አለ፣ መርዙ ንቦቹን ይፈጅብሃል፣ ልጆችም ሳያጥቡ ነው የሚበሉት። ትሉ የትንሽ ዝንብ ልጅ ነው። ዝንቧ ፍሬው ጥሬ እያለ ልጣጩን በስታ እንቁላል ትጥላለች፣ ትሉ ሥጋውን በልቶ ሲጠግብ ወደ አፈር ይገባል፣ እዚያ ተኝቶ ዝንብ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ የምትይዘው መሬት ላይ ነው። የወደቀውን ፍሬ በየቀኑ ማታ ልቀም፣ ዛፉ ሥር አታሳድር። የለቀምከውን ቆሻሻ መጣያ ላይ አትድፋው፣ ወይ ለዶሮ ስጥ፣ ወይ ፌስታል ውስጥ አድርገህ አፉን ጥብቅ አድርገህ አስረህ ሁለት ሳምንት ፀሐይ ላይ ተወው። ፍሬው ካለቀ በኋላ የዛፉን ሥር አፈር አራት ጣት ያህል ገልብጠው፣ ዶሮ ካለህ ልቀቅበት፣ የቀረውን እሷ ትጨርስልሃለች። ለመብላት የምትፈልገውን ደግሞ ቡኒ እስኪሆን አትጠብቅ፣ ቢጫ ሲሆን አውርደው። ጎረቤትህም ቁርቁራ ካለው አብራችሁ ልቀሙ፣ የእሱ ዝንብ አጥር አያግዳትም።