ናይታሉን ከማንሳታችሁ በፊት

የብረት ላብራቶሪ ሥራ ለጀመራችሁ ልጆቼ፣

ናሙናው በፖሊሽ እንደ መስታወት ማብረቅ ሲጀምር እጃችሁ ወደ ናይታሉ፣ ማለትም ገጹን በልቶ የውስጥ አሠራሩን ወደሚያሳየው አሲድ ጠርሙስ፣ ይሮጣል። ይገባኛል፤ የብረቱ መልክ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ግን እባካችሁ፣ መጀመሪያ አሲድ ያልነካውን ገጽ በማይክሮስኮፕ እዩት። ጥቃቅን ስንጥቅ፣ ቀዳዳ፣ በብረቱ ውስጥ የቀረ የሰልፋይድ ወይም የኦክሳይድ ቅንጣት በደንብ የሚለየው ያን ጊዜ ነው። አሲዱ ስንጥቁን ሊያሰፋው፣ ቅንጣቱንም በልቶ ባዶ ጉድጓድ ሊተው ይችላል። ከዚያ ወዲያ የትኛው ጉድለት የብረቱ፣ የትኛው የእኛ እንደሆነ ማን ይለያል?

ስለ ፖሊሹ ብዙ አልልም። የብርጭቆ ወረቀት በቀየራችሁ ቁጥር ናሙናውን 90 ዲግሪ አዙሩት። የቀደመው ጭረት ሳይጠፋ አትለፉ። ሲቆረጥ ግን ውኃ አይጓደልበት። ቆራጩ ዲስክ ያቃጠለውን ብረት የትኛውም አሲድ አይመልሰውም።

ለአብዛኛው ቱል ስቲል (የመሣሪያ ብረት) ከ2 እስከ 5 በመቶ ናይትሪክ አሲድ በኢታኖል፣ ማለትም ናይታል፣ ይበቃል። 12 በመቶ ገደማ ክሮሚየም ባለው ዲ2 በተባለው የቱል ስቲል ዓይነት ላይ ግን ይዘገያል። እዚያ እኔ የምመርጠው ቪሌላ የተባለውን ድብልቅ ነው፦ 1 ግራም ፒክሪክ አሲድ፣ 5 ሚሊ ሊትር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ 100 ሚሊ ሊትር ኢታኖል። ናይታል ስታዘጋጁ አሲዱን ወደ አልኮሉ በቀስታ ጨምሩ፤ በተቃራኒው በፍጹም። ጠንከር ያለ ናይታል በተዘጋ ጠርሙስ አይቀመጥም፤ ጋዝ ይፈጥርና ይፈነዳል። የደረቀ ፒክሪክ አሲድም ፈንጂ ነው። በዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

ስንት ሰከንድ ይቆይ ብላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ሰዓቱን ተዉና ገጹን ተመልከቱ። ብርሃኑ ደብዘዝ ሲል አውጡት፣ በውኃ ከዚያም በአልኮል እጠቡት፣ በሞቀ አየር አድርቁት። ያነሰውን መልሶ መንከር ይቻላል፤ የበዛበት ግን እንደገና ፖሊሽ ይጠይቃል። በ1000 እጥፍ የምታዩት ናሙና በ100 እጥፍ ከምታዩት ያነሰ አሲድ ነው የሚፈልገው።

ከሁሉም በላይ እንድታስተውሉት የምፈልገው አሲዱ ያላጠቆረውን ነው። ካርባይዶቹ፣ ማለትም ካርቦን ከብረት ጋር የሠራቸው ጠንካራ ቅንጣቶች፣ በናይታል ነጭ ሆነው ይቀራሉ። ከማጠንከር በኋላ ሳይለወጥ የቀረው ኦስቴናይትም (ብረቱ በከፍተኛ ሙቀት የሚይዘው አወቃቀር) ነጣ ይላል። ማርቴንሳይት፣ ማለትም ብረቱ በፍጥነት ሲቀዘቅዝ የሚፈጠረው ጠንካራ አወቃቀር፣ ቴምፐር ካልተደረገ (ስብራቱ እንዲቀንስ እንደገና ካልሞቀ) ቶሎ አይጠቁርም፤ ቴምፐር የተደረገው ግን ወዲያው ይጠቁራል። ስለዚህ ሁለት ናሙናዎች እኩል ተነክረው አንዱ ፈዞ ቢቀር፣ ልዩነቱ ራሱ ስለ ሙቀት አሠራሩ ይናገራል። «አልያዘም» ብሎ አሲድ የሚጨምር ሰው ይህን ማስረጃ በገዛ እጁ ያጠፋዋል።

በተሞረደ ጠርዝ ላይ ቀጭን ነጭ ሽፋን፣ ከሥሩም ጥቁር ቀበቶ ካያችሁ ሞረዱ ብረቱን አቃጥሎታል ብላችሁ ጠርጥሩ። ነጩ በግጭት ሙቀት እንደገና የጠነከረ፣ ጥቁሩ ከልክ በላይ ቴምፐር ሆኖ የለሰለሰ ነው። ወደ አሲዱ አትመለሱ። በነጩ፣ በጥቁሩና ከእነሱ ሥር ባለው የውስጥ ብረት ላይ የማይክሮ ጥንካሬ ልኬት (በጣም ትንሽ ቦታ ላይ የሚወሰድ የጥንካሬ ልኬት) ውሰዱ። ሦስቱን ቁጥሮች ከፎቶው ሥር ጻፉ፣ የተጠቀማችሁበትን አሲድና የማጉያውን መጠንም አብራችሁ።