ሃይድሮጅን «ከፀሐይ» ነው ወይስ «በፀሐይ» የሚመረተው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ ቢሮ ውስጥ በትርጉም ሥራ ነው የምተዳደረው። ሰሞኑን ስለ ኃይል ቴክኖሎጂ የሚያወራ ጽሑፍ ደረሰኝና አንዱን ዓረፍተ ነገር እንዲህ ተረጎምኩት፦ «ከታዳሽ የኃይል ምንጮች ሃይድሮጅን በማመንጨት የነዳጅ ህዋሶችን ማንቀሳቀስ ይቻላል።» አብራኝ የምትሠራው ልጅ አንብባ «ምኑም አልገባኝም» አለችኝ። ስህተቱ የት ላይ ነው? «የነዳጅ ህዋስ» የሚለውንስ እንዴት ያዩታል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። የባልደረባዎ ቃል ጥሩ መነሻ ሆኖኛል። ሰዋስውዎ አልፈረሰም፣ ቃላቱም ሁሉም የታወቁ ናቸው። ግን አንባቢው ዓረፍተ ነገሩን ሲጨርስ ሃይድሮጅኑ ከምን እንደተገኘ አያውቅም። ጣጣው የሚጀምረው ከመጀመሪያዋ ፊደል ነው፤ ከ«ከ»።

እስቲ ወደ ጓዳ እንግባ። እንጀራ ከጤፍ ይጋገራል፣ በምጣድ ይጋገራል። ጠላ ከገብስና ከጌሾ ይጠመቃል፣ በጋን ይጠመቃል። «ከምጣድ የተጋገረ እንጀራ» ብንል እናቶቻችን ግራ ይገባቸዋል። «ከ» ጥሬ ዕቃውን ትናገራለች። «በ» መሣሪያውንና ጉልበቱን ትናገራለች። ይህን ማንም አላስተማረንም፣ ከአፍ መፍቻችን ጋር የመጣ ነው።

ወደ ሃይድሮጅኑ እንመለስ። ውሃ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ውሃው ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ሆኖ ይለያያል። ሂደቱ ኤሌክትሮሊሲስ ይባላል። (አንዳንዶች «ውሃን መሰንጠቅ» ብለው ይጽፉታል። ለእኔ ፍልጥ ነው የሚታየኝ። «መለያየት» በቂ ነው።) እዚህ ላይ ጥሬ ዕቃው ውሃ ነው። ፀሐዩ፣ ነፋሱና ግድቡ ጉልበቱን ነው የሚሰጡት። ስለዚህ ሃይድሮጅን ከውሃ፣ በፀሐይ ኃይል ይመረታል። «ከፀሐይ» ካልን ነገሩ ይባስ ይደበላለቃል፤ አብዛኛው የፀሐይ አካል ራሱ ሃይድሮጅን ነውና ከዚያ ቀድተን የምናመጣው ሊመስል ይችላል።

ይህ የፊደል ቁጥጥር ብቻ እንዳይመስልዎት። ዛሬ በዓለም ላይ አብዛኛው ሃይድሮጅን የሚመረተው ከውሃ አይደለም። ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ነው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ወደ አየር ይለቃል። ያኛው የቆሸሸው ይኼኛው ደግሞ ንጹሕ የሚባለው በምን እንደሆነ አንባቢው የሚያውቀው በ«ከ» እና በ«በ» ነው። ከእበት በሚገኝ ባዮጋዝ ላይ ግን «ከ» ልክ ነው። «ከባዮጋዝ የተመረተ ሃይድሮጅን» ማለት ይቻላል፣ ጋዙ ራሱ ጥሬ ዕቃ ነውና።

ሁለተኛው ነገር «ማመንጨት» ነው። ቃሉ የ«ምንጭ» ቤተሰብ ነው። ምንጭ ሳይቀዱለት የሚፈልቅ ነገር ነው። ሃይድሮጅን እንዲህ ነው ወይ? አራት ኪሎ ቡና ስንጠጣ አንድ የኬሚስትሪ መምህር ወዳጄን «ስንት ተከቶ ስንት ይወጣል?» ብዬ ጠየቅሁት። ሶፍት ላይ ጻፈልኝ። 1 ኪሎ ሃይድሮጅን ለማምረት 9 ሊትር ያህል ውሃና 50 ኪሎዋት ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። በዚያ 1 ኪሎ ውስጥ የሚቀመጠው 33 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። መልሰን ኤሌክትሪክ ስናደርገው ደግሞ ከዚያ ላይ ግማሽ ያህሉን ብናገኝ ነው።

ከሚሰጠው በላይ የሚወስድ ነገር ምንጭ ሊባል አይችልም። ሃይድሮጅን እንስራ ነው። ምንጩ ፀሐዩ ወይም ወንዙ ነው፤ ሃይድሮጅን ከዚያ የተቀዳውን ተሸክሞ ይቆያል። ጥቅሙም እዚያ ላይ ነው። ፀሐይ ማታ ትጠልቃለች፣ ነፋስም ይቆማል፣ እንስራው ግን ቤት ውስጥ ይቀመጣል። «ሃይድሮጅን አዲሱ የኃይል ምንጭ» የሚል ርዕስ ባየሁ ቁጥር እስክሪብቶዬን አወጣለሁ።

ለሃይድሮጅን «ማምረት» ይሻላል። ምርት ማለት አውድማ ላይ ከገለባው የተለየው እህል ነው። ምርቱን ከግርዱ እንለያለን እንላለን። ኤሌክትሮሊሲስም የመለየት ሥራ ነውና ቃሉ እዚህ ላይ ቤቱን ያገኘ ይመስለኛል። (ኦክስጅን ግርድ ነው ማለቴ አይደለም። ሆስፒታሎቻችን ዋጋውን ያውቁታል።)

«ታዳሽ» ላይ ምንም እርማት የለኝም። እንዲያውም በጣም የምወደው ቃል ነው። ሥሩ የግዕዙ «ሐደሰ» ነው። ሐዲስ፣ ተሐድሶ፣ ሕዳሴ፣ አደሰ፣ ታደሰ፣ አዲስ፣ ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ከአዲስ አበባ ስም ግማሹ እዚያው ውስጥ አለ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው፣ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድባችንም በስሙም በሥራውም የዚህ ሥር ቤተሰብ ነው። «ታዳሽ» ራሱን በራሱ የሚያድስ ማለት ነው። «አዳሽ» ብትሉት ግን ሌላውን የሚያድስ ይሆናል።

አሁን ወደ «ነዳጅ ህዋስ»። ወደደ «ወዳጅ»ን እንደሚሰጠን፣ ወሰደም «ወሳጅ» እንደሚሰጠን፣ ነደደ «ነዳጅ»ን ሰጥቶናል፤ የሚነድ ነገር ማለት ነው። ይህ መሣሪያ ውስጥ ግን የሚነድ የለም። በአንድ ወገን ሃይድሮጅን ይገባል፣ በሌላው ወገን ከአየር ኦክስጅን ይገባል። ያለ ነበልባል ይገናኛሉ። ኤሌክትሪክ፣ ሙቀትና ውሃ ይወጣል፣ በቃ። ሳይንቲስቱ ዊልያም ግሮቭ በዚህ መሣሪያ የመጀመሪያዎቹን ሙከራዎች ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1839 ገደማ ነው። ወደ ጨረቃ የሄዱት የአፖሎ መንኮራኩሮችም ኤሌክትሪክ ያገኙት ከዚህ መሣሪያ ነበር፤ ጠፈርተኞቹ የወጣውን ውሃ ጠጥተውታል። ፈረንሳዊው ኬሚስት ላቩዋዚዬ እ.ኤ.አ. በ1787 ሃይድሮጅን ብሎ ሲሰይመው በግሪክኛ «ውሃ ወላጅ» ማለቱ ነበር፤ ስሙን እዚህ ላይ ያስመሰክራል።

ታዲያ «ነዳጅ» ይቅር? እኔ ይቅር አልልም። «የኑክሌር ነዳጅ» ስንልም የሚነድ እንጨት የለም፣ ቃሉ ከሥሩ ርቆ ሄዷል። የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። እዚህ ከተማ «ነዳጅ» ሲባል ሰው የሚያስበው ቤንዚንና ናፍጣ፣ ማደያና ወረፋ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሲጠቅሱት «በሃይድሮጅን የሚሠራ የነዳጅ ሴል» ይበሉ። ከዚያ በኋላ «ሴሉ» ብሎ መቀጠል ይቻላል።

«ህዋስ»ን ግን ይተዉት። አምስቱ ህዋሳት የሚያዩና የሚሰሙ ናቸው፣ በባዮሎጂም ህዋስ ሕይወት ያለው ነው። የብረትና የፕላስቲክ ሳጥን ህዋስ ሲባል ጆሮ እሺ አይልም። ሕዝቡ ለሴል የራሱ ቃል አለው፣ «ባትሪ ድንጋይ» ይለዋል። በቅርቡ ስታዲየም ዙሪያ ካለ ሱቅ «ድንጋይ አለ?» ብዬ ስጠይቅ ልጁ «ትልቁን ነው ትንሹን?» ነበር ያለኝ። ለዚህ መሣሪያ ልዋሰው አስቤ ነበር። ግን ድንጋይ ያልቃል፣ ይጣላል። ይኼኛው ጋዙ እስከገባለት ድረስ ይሠራል። ስለዚህ ሴልን እንዳለ እንቀበለው። ለገሃርም ከፈረንሳይኛ መጥቶ የሰፈር ስም ሆኖልናል።

የቀረው «ማንቀሳቀስ» ነው። ሴሉ አይንቀሳቀስም፣ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ያ ከሃይድሮጅኑ ላይ ያነሣነው «ማመንጨት» ቦታው እዚህ ነው። እኔ እንዲህ አርሜዋለሁ፦

«በታዳሽ ኃይል ከውሃ ሃይድሮጅን ይመረታል፤ ሃይድሮጅኑም በነዳጅ ሴል ውስጥ ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ኤሌክትሪክ ይመነጫል።»

ከእርስዎው ትንሽ ረዝሟል። ለባልደረባዎ ያስነብቧት፤ አሁንም ካልገባት ይጻፉልኝ፣ አብረን እንደገና እንሠራዋለን።